ስልኬን ሸጬ ባለ በተን ልግዛ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። የጻፈልኝ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን የምትከታተለው ታላቅ እህቴ ናት። እኔ በእሷ ስልክ ነው የማነበው። ስለዚህ ስሜንና ዩኒቨርሲቲዬን እባክዎ አይጥቀሱ። የምኖረው ከእሷ ጋር ኮዬ ኮንዶሚኒየም ነው። ትምህርቴ መሀል ከተማ ነው። 12ኛ ክፍል በ2015 ተፈትኜ አልፌያለሁ። ፍሬሽማን ላይ ሁለቱንም ሴሚስተር 3.4 አመጣሁ። ሁለተኛ ዓመት 3.0፣ ከዚያ 2.5። ባለፈው ሴሚስተር 2.1። ድምሬ 2.88 ደርሷል።

ችግሩ ስልክ ነው። ማታ ሃንድአውት ልከፍት ስልኬን አነሳለሁ፤ ሳላስበው ቲክቶክ ውስጥ ነኝ። ቀና ስል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። ቲክቶክን ስንቴ አጥፍቼ ስንቴ መልሼ እንደጫንኩት አላውቅም። የሌሊት ጥቅል የምገዛው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ለጥናት ብዬ። በተለይ የማምረቻ ወጪ የሚሰላበት ኮስት አካውንቲንግ ላይ ስቀመጥ ራሴን ያመኛል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ኮዬ ስንገባ ዕቃ በማጓጓዝና ቤት በማደስ ሁለት ሳምንት ክፍል አልገባሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮስት አልገባኝም። አሁን ኮስት ሁለት ላይ ነኝ።

እህቴ ውጤቴን አታውቅም። ‹ትምህርት እንዴት ነው?› ስትለኝ ‹አሪፍ ነው› እላታለሁ። ስልኬን ሸጬ ባለ በተን ልገዛ ወስኛለሁ። ግን የክፍላችን ሁሉም ነገር የሚለቀቀው ቴሌግራም ላይ ነው። ምን ይሻለኛል? ግራ የገባው።»

ወንድሜ፣ አትሽጠው።

ደብዳቤህ ውስጥ «ሰነፍ ነኝ» የሚል ቃል ደጋግመህ ጽፈህ ነበር። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ ልክ ስላልሆነ። የ2015ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ800 ሺህ በላይ ተማሪ ነው የወሰደው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። አንተ ከእነዚያ አንዱ ነህ። ያን ጊዜም ስልክ ነበረህ። ያን ጊዜም ቲክቶክ ነበር። ስለዚህ «ችግሩ ስልክ ነው» ያልከውን እንዳለ አልቀበለውም። ስልኩ አለበት፤ ግን ብቻውን አይደለም።

ደግሞ በዚያው ዓመት የሆነውን አስታውስ። ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገድበው ነበር። ተማሪው ምን አደረገ? ክልከላውን አልፎ የሚያስገባ ቪፒኤን የሚባል መተግበሪያ ጫነ። ቪፒኤን ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ሁሉ በአንድ ሳምንት አወቀ። አገር አቀፍ ክልከላ ያላቆመውን ነገር ባለ በተን ስልክ ያቆመዋል ብዬ አላምንም። ኖኪያህን ይዘህ የጓደኛህን ስልክ ትዋሳለህ። የእህትህንማ አሁንም እየተዋስክ ነው።

የምታጣው ነገርም ቀላል አይደለም። ተወካያችሁ የፈተና ፕሮግራም የሚለጥፈው፣ መምህሩ ክፍል የቀየረበትን የሚናገረው፣ የአምናው የሚድ ፈተና ፎቶ የሚዞረው ግሩፑ ውስጥ ነው። በተራ ስልክ የሚማር ልጅ ክፍሉ ተቀይሮ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ ነው።

አሁን ጥናቶች የሚሉትን ትንሽ ላንሳ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ወሬ ስለሚነዛ። ኪርሽነርና ካርፒንስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙት ጽሑፍ አለ። 219 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው፣ ፌስቡክ የሚጠቀሙት ከማይጠቀሙት ይልቅ ጂፒኤያቸው ዝቅ ያለ፣ የሚያጠኑበትም ሰዓት ያነሰ ሆኖ አገኙት። ወሬው ሲዞር «ፌስቡክ ውጤት ይገድላል» ሆነ። ጥናቱ ግን ያን አላለም። ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸውን ነው የተናገረው። የቱ የቱን እንዳመጣ አላረጋገጠም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩም ዝምድናው አለ፤ አሉታዊም ነው፤ ግን ሰው እንደሚያወራው ትልቅ አይደለም።

ይህ ለምን ይጠቅምሃል? ነገሩ በሁለቱም በኩል ሊሄድ ስለሚችል ነው። ስልክ ያበዛ ልጅ ውጤቱ ይወርዳል። ውጤቱ የወረደ ልጅም ስልክ ያበዛል። ያንተን ደብዳቤ ሳነብ ሁለተኛው ነው የታየኝ። የሆነውን በቅደም ተከተል እየው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ክፍል ቀረህ። ከዚያ ኮስት አልገባህም። ከዚያ ጂፒኤህ ወረደ። ሌሊቱን በቲክቶክ የማሳለፉ ነገር ከዚያ በኋላ የመጣ ነው የሚመስለኝ። ተሳስቼ ከሆነ አርመኝ።

እስቲ ማታ የሚሆነውን ቀስ ብለን እንየው። ትቀመጣለህ። የፕሮሰስ ኮስቲንግን ሃንድአውት ትከፍታለህ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ኢኩቫለንት ዩኒት» የሚል ይመጣል። ይህን የተማሩት አንተ ዕቃ ስታጓጉዝ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን አንተ እንደማታውቅ ይሰማሃል። ይከፋሃል። ያኔ እጅህ ስልኩ ላይ ያርፋል። ስልኩ ምንም አይጠይቅህም። ያስቅሃል፣ ቀጣዩን ያመጣል፣ እንደገና ያስቅሃል። የኮስት ማስታገሻ ሆኖልሃል ማለት ነው። ማስታገሻውን ብትጥለው ሕመሙ እዚያው ነው። ቲክቶክን አጥፍተህ በማግስቱ የምትጭነው ለዚህ ይመስለኛል። ጸጸትህ የእውነት ነው፤ ግን የጠፋው ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠገነው ኮስት ነው። ደግሞ እንደፈራኸው አይደለም። ኢኩቫለንት ዩኒትን እዚሁ ላስጀምርህ። አንድ የጫማ ፋብሪካ በወሩ 1,000 ጥንድ ጫማ ጀመረ እንበል። ወሩ ሲያልቅ ሁሉም 40 በመቶ ላይ ናቸው። ያለቀ ጫማ አንድም የለም። ግን ሥራ ተሠርቷል፣ ደመወዝም ተከፍሏል። ስለዚህ ሒሳብ ሠራተኛው የተሠራውን ሥራ 400 ያለቀ ጥንድ ብሎ ይቆጥረዋል። በቃ፣ ሐሳቡ ይኸው ነው። የሚከብደው ቆዳው በሙሉ መጀመሪያ ላይ ገብቶ የሰው ጉልበቱ ግን ገና ግማሽ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ያኔ ለቆዳው 1,000፣ ለጉልበቱ 400 ትላለህ። ከወር የተሻገረ ጅምር ሥራ ሲኖር ደግሞ ፊፎና ዌይትድ አቨሬጅ የሚባሉት ሁለት የአሠራር ዘዴዎች የሚለያዩበት ነገር ይመጣል። እሱን ሰው ያሳይህ።

ማን ያሳየኛል አትበለኝ። ከክፍላችሁ ኮስት አንድ ላይ ኤ ያመጣች ወይም ያመጣ ልጅ አለ። ማን እንደሆነም ታውቃለህ። ሻይ ጋብዘውና «ይህቺን ምዕራፍ አስረዳኝ» በለው። ማስረዳት የሚወድ ሰው ከምታስበው በላይ ብዙ ነው። መምህሩ ተማሪ የሚያነጋግርበት ሰዓት ካለውም ሂድ። ስትሄድ ግን «ኮስት አልገባኝም» ብለህ አትሂድ። እንዲህ የሚል ተማሪ ምን መልስ ሊሰጠው ይችላል? አንድ ጥያቄ ሞክረህ የተሰናከልክበትን መስመር አስምረህ ሂድ። ዩቲዩብም ላይ ይህ ምዕራፍ ሞልቷል። ስልኩን አትሽጠው ካልኩበት ምክንያት አንዱም ይኸው ነው።

አጠናንህንም እንይ። 12ኛ ክፍል ሳለህ ምን ነበር የምትሠራው? እንደ ሁሉም ተማሪ የድሮ ፈተና ነበር የምትሠራው ብዬ እገምታለሁ። ወርክሺት፣ የአምናው ጥያቄ፣ የካቻምናው ጥያቄ። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ያን ተውከው። አሁን ሃንድአውት ታነባለህ፣ በሃይላይተር ታቀልማለህ፣ እንደገና ታነባለህ፣ የፈተናው ዋዜማ ትሸመድዳለህ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህንኑ ፈትነውታል። አንደኛው ቡድን አንድን ጽሑፍ 4 ጊዜ አጠና። ሌላው 1 ጊዜ አጥንቶ 3 ጊዜ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያጠኑት በለጡ። ከ1 ሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያጠኑት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ነገሩ ግልጽ ነው። ሃንድአውቱን ደጋግሞ ማንበብ የገባህ ያስመስልሃል። የፈተናው ቀን ትደነግጣለህ።

ይህ ከስልኩ ጋር ምን አገናኘው ትለኝ ይሆናል። በጣም ያገናኘዋል። ዝም ብሎ ማንበብ እጅን ሥራ ያስፈታል። ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ ስልክ ያነሳል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ጥያቄ የሚሠራ ሰው ቢያንስ እጁ ተይዟል። አካውንቲንግ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ትምህርት ነው፤ ሠርተህ ሚዛኑ ካልመጣ ራሱ ይነግርሃል።

አሁን ወደ ሌሊቱ።

ስልክ ሰውን የሚጎዳው ምን ያህል ሰዓት በወሰደ ብቻ አይመስለኝም። ከየት ቆርሶ እንደወሰደ ይወስነዋል። ካንተ የቆረሰው ከእንቅልፍህ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ክፍል 2:30 ከሆነ ከኮዬ 12 ሰዓት ላይ መውጣት አለብህ። የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ ለኮዬ ሰው አልነግረውም። 12 ሰዓት ለመውጣት 11:30 ትነሳለህ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኝተህ 11:30 ስትነሳ 3 ሰዓት ተኩል ነው የተኛኸው። በዚህ እንቅልፍ አይደለም ኮስት፣ የታክሲ መልስ መቁጠርም ይከብዳል። ቀን የተማርከውን አንጎልህ የሚያደላድለው ስትተኛ ነው። ራሴን ያመኛል ያልከውም ከኮስት ብቻ የመጣ ላይሆን ይችላል። እንቅልፍህ ተስተካክሎም ካልተወህ ሐኪም ይየው፤ ዓይንህንም ተመርመር።

ደብዳቤህ ውስጥ ቆም ያደረገኝ ቃል «የሌሊት ጥቅል» የሚለው ነው። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲወራ ስለ ፍላጎትና ስለ ራስ መግዛት ነው የሚወራው። ስለ ጥቅል ማንም አያወራም። ኢትዮ ቴሌኮም የሌሊት ኢንተርኔትን ከቀኑ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ሌሊት ኔትወርኩን የሚጠቀም ሰው ስለሚያንስ ለኩባንያው ምክንያታዊ ንግድ ነው። ለተማሪ ግን «ቀን ተኛ፣ ሌሊት ተጠቀም» እንደማለት ሆኖበታል። ኪሱ የሳሳ ልጅ ርካሹን መግዛቱ አይገርምም። አንተም «ለጥናት ብዬ ነው» ስትል አምንሃለሁ። ግን ከገዛኸው ሜጋባይት ውስጥ ስንቱ ለጥናት ዋለ?

ስለዚህ የምመክርህ ይህን ነው። የሌሊት ጥቅል መግዛት አቁም። ትንሽ የቀን ጥቅል ግዛ። የምትፈልገውን ሃንድአውትና ቪዲዮ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ካለ እዚያው አውርድ። ቤት ስትደርስ ዳታህ ቢያልቅ እሰየው። አንድ ችግር አለ፤ ቴሌብር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተኝተህ በሁለት ንክኪ ጥቅል መግዛት ይቻላል። ስለዚህ ቴሌብርህ ላይ የታክሲና የምሳ ብቻ አስቀር። የቀረውን እህትህ ትያዝልህ። ለምን እንደሆነ ትጠይቅሃለች፤ ወደ እሷ እመጣለሁ።

ስልኩ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ይደረግ። «ማንቂያዬ ስልኬ ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ። «መብራት ሲጠፋ የማነበው በስልኬ ባትሪ ነው» ካልክ ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ ፋኖስ ግዛ። መብራት ሲጠፋ ስልክን ለብርሃን ብሎ አንስቶ ለብርሃን ብቻ ተጠቅሞ ያስቀመጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቲክቶክን ማጥፋትና መጫኑን ተወው። እዚያው ይቀመጥ። ወደ ቤት ስትመለስ ታክሲ ውስጥ እየው። የምሬን ነው። ቀኑን ሙሉ ተምሮ የደከመ ሰው ቆሞ ወይም ተጨናንቆ ሲሄድ ትንሽ ቢስቅ ምን አለበት? ያ ሰዓት ከጥናትም ከእንቅልፍም አልተወሰደም። ብቻ መስኮት ዳር ተቀምጠህ ስልክ አትያዝ። ታክሲው ቆም ሲል መንትፎ የሚሮጥ እንዳለ ታውቃለህ፤ ያኔ የመሸጡ ጥያቄም ያበቃለታል።

ቴሌግራሙን እንዲህ አድርገው። የክፍልህን ግሩፕ፣ የተወካያችሁን ቻናልና የትምህርት ቻናሎችህን በአንድ ፎልደር ሰብስብ። የቀረውን ሁሉ ሚዩት አድርግ። ተማሪ ስንት ግሩፕ ውስጥ እንዳለ ሳስብ ይገርመኛል፤ የቀልድ፣ የኳስ፣ የፍሬሽማን ትዝታ፣ የማያውቀው ሰው አድ ያደረገው የዕቃ ሽያጭ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሴቲንግ ገብተህ ያየሃቸውን ቪዲዮዎች መመዝገቡን አጥፋው፤ የቆየውንም መዝገብ ሰርዝ። ያኔ ስትከፍተው የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ይሆናል። የምትፈልገውን ራስህ ጽፈህ ታገኛለህ እንጂ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅህ ነገር አይኖርም። ኮስት ልታይ ገብተህ ትግል ስታይ የምታመሸው በዚያ ገጽ ምክንያት ነው።

ክፍል ውስጥ ፊት ተቀመጥ። ይህን የምለው ለመምህሩ እንድትታይ አይደለም። በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካናዳ ውስጥ የተሠራ ሙከራ ነበር። ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ሌላ ነገር የሚሠሩ ተማሪዎች ፈተና ላይ 11 በመቶ ዝቅ አሉ። ይህ አይገርምም። የሚገርመው እነሱን ከኋላ ሆነው ያዩ የነበሩት 17 በመቶ ዝቅ ማለታቸው ነው። ራሳቸው ምንም አልነኩም፤ የሰው ስክሪን ብቻ ነው ያዩት። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠህ አንተ ስልክህን ብትደብቅ እንኳ ከፊትህ ያለው ልጅ ላይቭ እያየ ነው።

ማጥናትህን ደግሞ ከኮዬ አውጣው። ማታ ደክሞህ፣ እራት በልተህ፣ አልጋ አጠገብ ሆነህ የምታጠናው ጥናት አይሳካም። ክፍል 10 ሰዓት ላይ ካለቀ ወዲያው ሮጠህ ከሠራተኛው ጋር ሰልፍ ከምትይዝ ግቢ ላይብረሪ ቁጭ በል። ቦርሳህን ዝጋ፣ ስልኩ ውስጥ ይሁን። መጀመሪያ 25 ደቂቃ ብቻ ሥራ። 25 ደቂቃ ካቃተህ 15። ማታ ወደ ኮዬ ታክሲ እንደሚጠፋ ስለማውቅ 12 ሰዓት ላይ ውጣ። ቅዳሜ ከተመቸህ 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው። ከኮዬ ሩቅ ነው፤ በየሳምንቱ ሂድ አልልህም። የሚድ ሰሞን ግን ሂድ። ሌላ ሰው ሲያነብ እያየ ቲክቶክ መክፈት የሚያሳፍረው ሰው ይበዛል።

ውጤቱስ ይመለሳል ወይ? ድምርህ 2.88 ነው። የቀሩህ 3 ሴሚስተሮች ናቸው። ክሬዲቱ በየሴሚስተሩ ተቀራራቢ ከሆነ፣ በእነዚህ 3 ሴሚስተሮች 3.2 ብታመጣ 3.00 ይዘህ ትመረቃለህ። 3.2 ደግሞ አንተ ፍሬሽማን ላይ ካመጣኸው በታች ነው። በሌላ በኩል የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ጀምሮ ያለ እሱ ዲግሪ የለም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የሚጠይቀውም ካለፉት ዓመታት ኮርሶች ነው። ኮስት ደግሞ እዚያ አይቀርም። ዛሬ ሸምድደህ ብታልፈው በአራተኛ ዓመት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠህ ታገኘዋለህ።

የቀረው እህትህ ናት።

እህትህ ይህን ዓምድ ታነባለች ብለኸኛል። ከኮዬ ነኝ፣ አካውንቲንግ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው የምኖረው ብለህ ጽፈሃል። ከዚያ «ስሜን አይጥቀሱ» አልከኝ። ወንድሜ፣ ስምህን ለማን ነው የምደብቀው? እንደሚመስለኝ ከፊል ልብህ እንድታውቅብህ ፈልጓል። ክፉ ነገር አይደለም። ግን ከዓምድ ላይ ከምታገኘው ካንተ አፍ ብትሰማው ይሻላል። መልሱን ከዓምዱ ቀድሜ የላኩልህ ለዚህ ነው። ጽሑፉ ሰኞ ይወጣል።

ኮዬ ውስጥ ታናሽ ወንድሟን የምታስተምር እህት አንድ ብቻ አይደለችም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ለሁላችሁም ልበለው። እህቴ፣ ለቤት ኪራይ ወይም ለባንክ ከምትከፍይው ቀንሰሽ ለእሱ ትምህርት ማዋልሽን አውቃለሁ። 2.1 የሚለውን ስታዪ ብትናደጂ ማንም አይፈርድብሽም። ተናደጂ። ግን ስልኩን አትስበሪው፤ ሃንድአውቱ እዚያ ውስጥ ነው። «ትምህርት እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄም ተዪው። ለእሱ መልሱ ሁልጊዜ «አሪፍ ነው» ነው። «ዛሬ የትኛውን ጥያቄ ሠራህ? አሳየኝ» በዪው። አካውንቲንግ ባታውቂም ወረቀቱ ባዶ መሆን አለመሆኑን ታያለሽ። ማታ ስልኩ ኩሽና ሲገባ ደግሞ ያንቺም አብሮ ይግባ። አንቺ ሶፋ ላይ ሆነሽ እየሳቅሽ እሱን አጥና ማለት አይሆንም።

ወደ አንተ ልመለስ። ቁጣዋን ፈርተሃል፤ ይገባኛል። ግን እስካሁን የዋሸኸው በአንድ ቃል ነው፤ የሚቀጥለው ሴሚስተር ሲመጣ ቃሉ ይበዛል። ደግሞ ብሩን እሷ ጋ አስቀምጥ፣ ስልኩ ኩሽና ይደር፣ ግቢ አመሻለሁ ስትላት ምክንያቱን ካላወቀች ሌላ ነገር ነው የምትጠረጥረው። ከሥራ ደክማ ስትገባ አትንገራት። እሑድ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ቡና ላይ ስትሆኑ ንገራት። መጀመሪያ ውጤቱን በል፣ ከዚያ ምን ልታደርግ እንዳሰብክ። የግሬድ ሪፖርቱን ደግሞ በእጅህ ይዘህ ተቀመጥ። በቃል ብቻ ከሆነ 2.1ን 2.4 ማድረግህ አይቀርም።